በሚካኤል ዕለት የመጣው ኤክስካቫተር

ቤታችን ከቢቸና ወደ ሞጣ በሚወስደው መንገድ ዳር ነው፤ ከመንገዱ ትንሽ ወረድ ይላል። ከፊቱ የጤፍ ማሳ አለ፤ ከኋላው ቦረቦር። ቦረቦሩ ድሮ አልነበረም። ጎጆ የወጣን ጊዜ እዚያ ቦታ ላይ የክረምት ውሃ የሚወርድባት ትንሽ ቦይ ነበረች፤ ጥጃ እንኳ ሳይሰጋ ይዘላት ነበር። መሬታችን ዋልካ ስለሆነ በበጋ እጅ እስኪያስገባ ድረስ ይሰነጠቃል፣ በክረምት ደግሞ እግር ይዞ አለቅም ይላል። ውሃው በስንጥቁ ይገባና ከሥር ከሥሩ ይቦረቡረዋል፤ ላዩ ደህና መስሎ ይቆይና አንድ ቀን ዘጭ ይላል። እንዲህ እያለ ቦይዋ ጉድጓድ ሆነች፤ ጉድጓዱም ሰው ቢገባበት የማይታይበት ገደል ሆነ።

አምና ክረምት የጓሮውን አጥር ከነጌሾው ይዞት ወረደ። ውሃው ሲጎድል ሄጄ ቆሜ አየሁት። ከቤቱ ግድግዳ እስከ ገደሉ አፋፍ የቀረው ቦታ አንድ ጥማድ በሬ ለማዞር ቢበቃ ነው።

ሞጣ የሚኖረው ልጃችን ለበዓል መጥቶ ይህን ሲያይ ፊቱ ተለዋወጠ። እሱ እዚያ ቆርቆሮና ሲሚንቶ ይሸጣል፤ ቤትም ሠርቷል።

«አባዬ፣ ይኼ ነገር የሚመጣው ክረምት ሳይገባ መላ ካልተበጀለት እናንተን እዚህ አላሳድራችሁም» አለ። «ሞጣ ትገባላችሁ። በቃ።»

«ሞጣ ገብቼ ምን ልሠራ ነው?» አለች እናቱ። «በር ላይ ተቀምጬ ባጃጅ ስቆጥር ልዋል?»

«እማዬ፣ ቤቱ ሲናድባችሁስ?»

«ሲናድ ያን ጊዜ እወጣለሁ።»

«ያን ጊዜ ማን ያስወጣሻል?»

ወደ ጓዳ ገባች። ልጁ እውነቱን ነው። ነገሩ እንግዲህ ይኸው ነበር፦ ቦረቦሩ ከቆመልን በቤታችን እንቀራለን፤ ካልቆመልን ከነጓዛችን ሞጣ ነን። ሞጣ ክፉ አገር ሆኖ አይደለም። ግን ሰው በሸመገለ ጊዜ ጠዋት ተነሥቶ በራሱ ደጅ መሬት ላይ መቆም ይፈልጋል። እኔ እንዲያ ነኝ። እሷ ደግሞ ከኔ ትብሳለች።

«መላው ምንድን ነው?» ብዬ ጠየቅሁት ልጄን።

«መኪና ነዋ!»

የቱ መኪና ብዬ ብጠይቀው «መጥተው ይዩት» አለኝ። መከራዬ የጀመረው እዚህ ላይ ነው። እኔ በዕድሜዬ ሙሉ አፈር ያነሣሁት በዶማና በአካፋ፣ አፈር የገለበጥሁት በማረሻ ነው። ምን ልምረጥ ብዬ አስቤ አላውቅም። ፊደል የቆጠርሁትም ትልቅ ሰው ሆኜ በመሠረተ ትምህርት ጊዜ ነው፤ የመኪና ነገር እዚያ አልተነገረንም።

መንገዱ ሰላም በሆነ ሰሞን በሚኒባስ ሞጣ ሄድሁ። ልጄ ከከተማው ጫፍ ወዳለ አንድ ሰፊ ግቢ ወሰደኝ። ግቢው ውስጥ ቢጫ ቢጫ መኪናዎች ቆመዋል፤ አንዱ ሌላውን አይመስልም። መኪናዎቹን የሚያከራየው ሰውዬ ከጥላ ሥር ተነሥቶ መጣ። ጨዋታ ወዳድ ነገር ነው።

«አባባ፣ ምንድን ነው የሚያሠሩት?»

«ቦረቦር አለብኝ።»

«እሺ፤ ይቆረጣል ወይስ ይሞላል?»

«እሱን እኮ ነው እኔ ላንተ ልጠይቅህ የመጣሁት።»

ሳቀ። «መግፋት ከሆነ ዶዘር ይሻልዎታል። ቁፋሮ ከሆነ ግን ኤክስካቫተር ነው። አፈር አንሥቶ ገልባጭ ላይ መጫን ካለ ሎደርም አለልን።»

«ሁሉም ካለስ?»

«ሁሉንም ይከራያላ!»

ልጄም ሳቀ። እኔ ብቻ አልሳቅሁም፤ ደግሞ ሌላ ጥያቄ መጣብኝ። «በጎማ የሚሄድ ነው የሚፈልጉት በሰንሰለት?» አለኝ። ልዩነቱን ሲያስረዳኝ፣ በሰንሰለት የሚሄደው ለስላሳ መሬት ላይ ቶሎ አይሰጥምም፣ ነገር ግን በአስፋልት መሄድ ስለማይችል ሎቤድ በሚሉት ረጅም ተጎታች ተጭኖ ነው የሚመጣው። በጎማ የሚሄደው በራሱ ይመጣል፤ ዋልካ ውስጥ ከገባ ግን መውጫ የለውም። አንዱ መምጣት አይችልም፣ ሌላው መውጣት አይችልም ማለት ነው። ይህን ይዤ ምን ላድርግ?

በሬ ስገዛ የማየውን አውቃለሁ። ጥርሱን ከፍቼ አያለሁ፣ ትከሻውን እዳብሳለሁ፣ ትንሽ አስኬጄ ሰኮናውን ሲያሳርፍ እመለከታለሁ። እዚህ ግን ዓይኔን የማሳርፍበት ቦታ አጣሁ። ኤክስካቫተሩን አንድ ጊዜ ዞርሁት፤ የአፈር መዛቂያው ጫፍ ላይ ጥርስ የመሰሉ ብረቶች አሉት፣ እነሱን ነካካሁ። ሰውዬው ከኋላዬ «አልተበላም አባባ፣ ገና ወጣት ነው» አለኝ። በሬ እየገዛሁ መሆኔን በምን እንዳወቀ እንጃ።

በመጨረሻ የመረጠው ልጄ ነው። ኤክስካቫተሩ አፋፉን ቆርጦ ያስተኛዋል፣ አፈሩን መልሶ ወደ ውስጥ ይሞላዋል ብሎ አስረዳኝ። አንድ ኤክስካቫተር ወደ ቢቸና ለሥራ ሊወርድ ነበርና በመንገዱ እኛ ጋ ጎራ ብሎ እንዲሠራ ተነጋገሩ። ቀኑን ሰውዬው በስልክ ያስታውቃል ተባለ። እኔ «እሺ» አልሁ። እሺ ያልሁት ስለገባኝ አልነበረም፤ ሌላ የምለው ስላልነበረኝ ነው።

ቤት ገብቼ ለባለቤቴ ነገርኋት።

«መሬቱን የሚያውቅ ሰው ጠየቃችሁ?» አለች።

«መኪናውን የሚያውቅ ሰው ጠይቀናል።»

«እኔ ያልሁት መሬቱን።»

ስለዚህ ደግሞ ቢቸና ግብርና ጽሕፈት ቤት ሄድሁ። የአፈርና ውሃ ጥበቃ ባለሙያዋ ከሩቅ አገር ተመድባ የመጣች ልጅ ናት፤ ትሕትናዋ ደስ ይላል፣ ወንበር ሳትሰጥ ሰው አታናግርም። ሁሉን ዘርዝሬ ነገርኋት። ሞጣ ያየሁትን፣ ልጄ ያለውን፣ ሎቤዱን፣ ሰንሰለቱን።

«አባባ፣ ቦረቦሩን አይሙሉት» አለችኝ።

«ምን?»

«ውሃው መምጣቱን ካልተወ የሞሉትን አፈር እንደገና ይዞት ይሄዳል። ልቅ አፈር ደግሞ ይብሳል። ጎርፉን ከላይ ነው መያዝ ያለብዎ። ከቤትዎ በላይ መቀልበሻ ቦይ ይወጣና ውሃውን ዞር አድርጎ ድንጋያማ ቦታ ላይ ይለቀዋል። ድንጋያማ ቦታ የለም በዚያ በኩል?»

«አለ። ግን የላይ ጎረቤቴን መሬት አልፎ ነው።»

«እንግዲያውስ እሳቸውን ይጠይቋቸዋል።»

እሳት አውሰኝ ብዬ የምጠይቀው ይመስል ቀለል አድርጋ ነው ያለችው። እሷ የዚህ አገር ልጅ ስላልሆነች አልፈርድባትም። እኛ ዘንድ ማሳ ውስጥ ውሃ እንዳይተኛ በማረሻ የምናወጣት ትልም አለች፤ ፈሰስ እንላታለን። የአንዱ ፈሰስ የሌላው ማሳ ላይ ስለወረደች ብቻ ሽማግሌ የተቀመጠበት፣ ፍርድ ቤት የተደረሰበት፣ ወንድምና ወንድም ሰላምታ ያቆመበት ጊዜ ብዙ ነው። አሁን እኔ በፈሰስ ፋንታ አንድ ሙሉ ጎርፍ ይዤ «ባንተ በኩል ይለፍልኝ» ልለው ነው? እንዲያ ከምል ኤክስካቫተር ብለምን ይቀለኛል። ኤክስካቫተር አያኮርፍም።

«ለመሆኑ መቀልበሻው በምን ይቆፈራል?» አልኋት፣ ወደ መኪናው ልመልሳት ብዬ።

«ለቦይ ትልቅ ማሽን አያስፈልግም። በሰው ይሆናል። በበሬም ይሆናል፤ የገበሬ ማሰልጠኛው ግቢ በበሬ የሚጎተት የብረት አካፋ አለ። የሚጠይቀው ሰው ስለጠፋ ተቀምጧል እንጂ ይሠራል።»

ከጽሕፈት ቤቱ ስወጣ መንገድ ዳር አንድ በጎማ የሚሄድ ሎደር ሲሠራ አየሁ። ከፊቱ ሰፊ አካፋ አለው፣ ከኋላው ደግሞ የሚቆፍር ክንድ። ነጂው ወንበሩን ወደ ኋላ አዙሮ ይቆፍራል፣ እንደገና ወደ ፊት አዙሮ ይዝቃል። የቱ ፊቱ እንደሆነ ለማወቅ ብዙ ቆምሁ። ከዚያ ከሞጣው ሰው ኤክስካቫተር፣ ከባለሙያዋ የብረት አካፋ፣ በዓይኔ ካየሁት ደግሞ ሎደር ይዤ ወደ ቤቴ ገባሁ። ከቤቴ ስወጣ የነበረኝ ሐሳብ አንድ ነበር፤ ስመለስ ሦስት ሆነ። ጎረቤቴን ግን አልጠየቅሁትም። በአጥሩ በኩል ሳልፍ «እንደምን ዋልህ» ብሎኝ «እግዚአብሔር ይመስገን» ብዬው አለፍሁ።

መኪናው የመጣው በሚካኤል ዕለት ነው።

ከቤተ ክርስቲያን እየተመለስን ነበር። ከመንገዱ ዳር ሎቤዱ ቆሟል፣ ኤክስካቫተሩ በሰንሰለቱ እየተንቋቋ ይወርዳል። የስልኩ ነገር ተረስቶ ይሁን ኔትወርክ ጠፍቶ እስካሁን አላወቅሁም፤ ብቻ የነገረኝ የለም። ኦፕሬተሩ ወጣት ነው፣ የሌላ አገር ሰው፣ ኮፍያውን ገልብጦ አድርጎታል።

«አባባ፣ ቦረቦሩ የት ነው? ቶሎ ያሳዩኝ፤ ነገ ማለዳ ቢቸና ሥራ እገባለሁ።»

«ዛሬ እኮ ሚካኤል ነው።»

«እንኳን አደረሰዎ!» አለኝ ፈገግ ብሎ። ያልሁት አልገባውም።

እኛ አገር በሚካኤል መሬት አይቆፈርም። ከብት ይጠበቃል፣ እንግዳ ይስተናገዳል፣ ገበያ የሚሄድም ይሄዳል፤ መሬት ግን አይነካም። ይልቁንም ዝናብ በሚጠበቅበት ሰሞን። አንዱ ሰው በበዓል ቢቆፍር በረዶ ይወርዳል፣ በረዶ ደግሞ የቆፈረውን ሰው ማሳ ለይቶ አይመታም ይባላል። ይህን የማያውቅ ልጅ እንኳ የለም። በዚያ ላይ ሕዝቡ ነጠላውን እንደለበሰ ከቤተ ክርስቲያን እየወረደ ነበርና ባንዴ ከበበን። ከሁሉ ፊት የመጣው የላይ ጎረቤቴ ነው። እኩያዬ ነው፣ አብረን ነው ያደግነው፤ ድምፁ ከኔ ይበልጣል።

«አንተ! ምን ልታደርግ ነው?»

«እኔማ ምንም አላደረግሁ፤ መኪናው መጣ።»

«መኪናው ብቻውን መጣ? መንገድ ጠይቆ?»

ሰው ሳቀ። እኔም እጄ የሚገባበት ጠፋኝ። ደግነቱ የንስሐ አባቴ በዚያ በኩል ሲያልፉ አየሁና ሮጥ ብዬ መስቀል ተሳለምሁ።

«አባ፣ መኪና በበዓል ይሄዳል አይደል?» አልሁ።

«ይሄዳል።»

«እንግዲህ ይህም መኪና ነው።»

«እጅ ያለው መኪና የት አይተሃል?» አለ ጎረቤቴ። «ይኼ ዶማ ነው። የትልቅ ሰው ዶማ!»

«ወፍጮስ?» አለች አንዲት ሴት። «ወፍጮ ሞተር ነው፤ ግን በሚካኤል አይፈጭም።»

«አስፋልቱ ሲሠራ በበዓልም ሲቆፍሩ ነበር እኮ» አለ ሌላው።

«እነሱ የመንግሥት ናቸዋ!»

«መንግሥትን በረዶ አይመታውም?»

ኦፕሬተሩ ነገሩ ገብቶት መሰል ከመኪናው ወረደ። «ስሙኝማ፣ እሳቸው አይደሉም የሚቆፍሩት፤ እኔ ነኝ። እሳቸው ቆመው ነው የሚያዩት። ኃጢአት ካለው ለኔ ይሁን።»

«አንተማ ነገ ትሄዳለህ!» አለችው ያቺው ሴት። «በረዶው ለኛ ነው የሚቀረው!»

አባ መኪናውን ቀስ ብለው ዞሩት። በመስቀላቸው ጫፍ ሰንሰለቱን ነካ አደረጉ። ሰዉ አንገቱን አስግጎ ይመለከታል።

«ይህ ነገር ሲሄድ መኪና ነው» አሉ። ከዚያ ቀና ብለው ክንዱን አዩት። «ሲቆም ግን እኔንጃ።»

«እንግዲያስ ይቆፍር ወይስ አይቆፍር፣ አባ?»

«መግባት ይግባ። እጁን ግን ወደ መሬት አያውርድ።»

«እጄን ካላወረድሁ ገብቼ ምን ልሠራ ነው?» አለ ኦፕሬተሩ። እውነቱን ነው። አባም እውነታቸውን ነው። እኔ መካከል ላይ ቆሜ ሁለቱንም አያለሁ።

በዚያ መካከል ልጄ ከሞጣ ደወለ። «አባዬ፣ መኪናው ደረሰ? ቶሎ ያስጀምሩት! ሌላ ቀን አናገኘውም። ደመናውን አይተውታል?»

አየሁት። በጮቄ ተራራ በኩል ጥቁር ብሎ ተከምሯል። ዞር ብዬ ቤቴን አየሁ፣ ከቤቴ ጀርባ ያለውን ጠባብ መሬት አየሁ። ባለቤቴ በሩ ላይ ቆማለች። ምን ላድርግ በሚል ዓይን አየኋት።

«እኔን አትየኝ» አለች። «እኔ የምፈልገውን ታውቃለህ። ቤቴን ነው የምፈልገው። ግን ደግሞ…» ሰዉን በዓይኗ ጠቆመችኝና ተወችው።

ያን ጊዜ ያሰብሁትን ልናገር። ያሰብሁት ስለ ኃጢአት አልነበረም፤ እሱን አባም አላወቁት። በረዶ በየዓመቱ አንዱ ጋ ይወርዳል። ዘንድሮም ቢወርድ፣ ጤፉ የተመታበት ሰው ሁሉ ፊቱን የሚያዞረው ወደኔ ቤት ነው። ሰላም ስላቸው ቀዝቀዝ ይላሉ። ለቅሶ ስሄድ ቦታ ይለቁልኛል፣ ግን አያጫውቱኝም። እንዲያ ከሆነ ቤቱ ተረፈ ማለት ነው? ይህም ልክ ይሁን አይሁን አላውቅም። እንዲያ ታሰበኝ።

ስልኩን ለባለቤቴ ሰጥቼ ወደ ኦፕሬተሩ ሄድሁ።

«ሂድ ልጄ። ቢቸና ሥራህን ሥራ።»

«እርግጠኛ ነዎት አባባ?»

«አይደለሁም። ግን ሂድ።»

አንገቱን ነቀነቀና ወጣ። ኤክስካቫተሩ እንደገና ተንቋቅቶ ሎቤዱ ላይ ተጫነ። ሰዉ ተበተነ። ልጄ በስልክ ለእናቱ «ጓዛችሁን ሸክፉ፤ ሌላ ነገር አልሰማም» ማለቱን ነገረችኝ። ተናድዶ ነው፤ አልፈረድሁበትም። ምሳ ቀርቦ ሁለታችንም ብዙ አልበላንም።

በማግስቱ ማለዳ ከጓሮ ወጥቼ ሳይ የላይ ጎረቤቴ ከቦረቦሩ አፋፍ ቆሟል። ካፖርቱን ደርቦ፣ በዱላው አፈሩን ይቆረቁራል።

«እዚህ ድረስ መምጣቱን አላወቅሁም ነበር» አለኝ። «እኔ ከላይ ሆኜ ነው የማየው፤ ከላይ አይታይም።»

«መጥቷል እንግዲህ።»

«አሁንስ ምን አሰብህ?»

ምንም አላሰብሁም ነበር። የምደብቀው ነገርም አልቀረኝ። ባለሙያዋ ያለችውን ጀመርሁለት። ጎርፉ ከላይ እንደሚያዝ፣ ቦይ እንደሚወጣ፣ ድንጋያማው ቦታ ላይ እንደሚለቀቅ። «ባንተ በኩል» የሚለው ላይ ስደርስ ግን ሳልሁና ስለ ድንጋዩ ሁለተኛ ነገርሁት።

«ድንጋዩን ሰማሁ» አለኝ። «እዚያ የሚደርሰው በየት በኩል ነው?»

«እሱን ነው…»

«በኔ በኩል ነው አይደል?»

«ባንተ በኩል ነው።»

ዱላውን አንሥቶ ዳገቱን ወጣ፤ ተከተልሁት። ከማሳው ራስ ላይ ስንደርስ ቆመ።

«ይህ የጤፍ ማሳዬ ነው። በዚህ አያልፍም።»

«አያልፍም።»

«ከማሳው በላይ፣ በሣሩ ወሰን ይሂድ። እዚያ ጋ የማርሰው የለም።» በዱላው ወሰኑን አሳየኝና «ትናንት መኪናውን ባትመልሰው ኖሮ ይህን ወሬህን አልሰማህም ነበር» አለኝ። «ደግሞ ቦረቦሩ የኔንም ማሳ ከታች ጫፉ ጀምሮታል፤ ለሰው አልነገርሁም እንጂ።»

«እግዜር ይስጥህ።»

«ቆይ አትመርቀኝ። ውሃው ጥሶ ማሳዬን ቢበላው፣ ከዚያው ቦረቦርህ ውስጥ ነው የምቀብርህ።»

«ሞጣ ከምሄድ ይሻለኛል» አልሁት። የዚያን ጊዜ ሳቅን።

በምን እንቆፍር የሚለው ነገር እንደገና መጣ። አሁን ግን ጥያቄው ትንሽ ሆኗል፤ ገደል መሙላቱ ቀርቶ ቦይ ማውጣት ነው። ባለሙያዋ ያን የብረት አካፋ በጋሪ አስጭና ራሷም መጣች። ከፊቱ ስለታም የሆነ ሰፊ የብረት ገበታ ነው፤ ከኋላው ሁለት እጀታ አለው፣ በሰንሰለት ከቀንበሩ ይታሰራል። ረጅም የላስቲክ ቱቦ ውሃ ሞልታ፣ አንዱን ጫፍ እኔን አስይዛ ሌላውን እሷ ይዛ ቦዩ የሚያዘቀዝቅበትን መንገድ ለካች፤ ችካል ተተከለ። ጎረቤቴ ቱቦውን አላመነም፤ ሰው ሳያየው በጆግ ውሃ እያፈሰሰ የት እንደሚሄድ ይመለከት ነበር። ውሃው በችካሉ በኩል ሄደለት።

አካፋውን መጀመሪያ የያዝሁት እኔ ነኝ። በሬዎቹ ሲጎትቱ አፍንጫው ባንዴ መሬት ውስጥ ገባ፣ በሬዎቹ ቀጥ አሉ፣ እኔ በላዩ ተሻግሬ ከፊቱ ወደቅሁ።

«በሬዎቹን ልታግዛቸው ነው እንዴ?» አለኝ ጎረቤቴ።

ባለቤቴ ከጓሮ ሆና «ኧረ ቀስ! ሽማግሌ ነው!» ብላ ጮኸች። የትኛውን ሽማግሌ እንዳለች አልታወቀም።

አፈሩ ደርቆ እንደ ድንጋይ ስለጠጠረ አካፋው አልበላ አለን። በማረሻ ብናርሰው እንደ ትራስ የሚያህል ጓል ይነሣል፤ አካፋው ላይ አይቀመጥም። ጎረቤቴ በደረቁ እንግፋበት ይላል፣ እኔ ትንሽ ዝናብ ይምታውና እንየው እላለሁ፣ ሌላው ሰው ዝናብ ከመታው ይጣበቃል ይላል። ሁላችንም ዋልካ ላይ ተወልደን ያደግን ሰዎች ነን፤ የሚስማማ ጠፋ። ባለሙያዋን ብንጠይቃት «ይህን እናንተ ናችሁ የምታውቁት» አለችን። እንዲያ እየተከራከርን ሳለ አንድ ከሰዓት በኋላ ካፊያ ጣለ፤ አፈር የሚያረጥብ እንጂ ጭቃ የሚያደርግ አይደለም። በማግስቱ በማረሻ ስናላላው ጓሉ ፍርክስ ይላል፣ አካፋው ዘቅ አድርጎ ይዞት ይወጣል። እጀታውን ጫን ሲሉት ይሸከማል፣ ቀና ሲያደርጉት ይደፋዋል። ተሰብስበን የማናውቅ ያህል ተሰበሰብን፤ ደቦ ጠራሁ፣ ሰው ዶማውን ይዞ መጣ፤ በሚካኤል ዕለት የተቆጣችዋ ሴት ባሏንም ልጆቿንም ልካለች። የወጣውን አፈር በታች በኩል ከመርነው፣ ድንጋይ ደረደርንበት፣ ሣር ተከልንበት።

ቦዩ ወደ ሣሩ ወሰን የሚዞርበት መታጠፊያ ግን ያኔም አሁንም ልቤን አላሳረፈውም። ባለሙያዋ ይበቃል አለች። ጎረቤቴ ይሰፋ አለ። እኔ ሁለቱንም እሺ አልሁ፤ ከዚያ ዝናቡ ቀደመን።

ትልቁ ዝናብ የመጣው እኩለ ቀን አልፎ ነው። ትንሽ በረዶም ነበረው፤ ማንም ግን ማንንም በክፉ ዓይን አላየም። አካፋዬን ይዤ ስወጣ ጎረቤቴ ጆንያ ራሱ ላይ አጥፎ መታጠፊያው ላይ ቆሟል። ውሃው ከላይ ሲመጣ ድምፁን ቀድመን ሰማነው። ጥቁር ሆኖ፣ ገለባና ኩበት ተሸክሞ መጣና ቦዩ ውስጥ ገባ። መታጠፊያው ላይ ሲደርስ ወደ ላይ ተነሣ፣ ዳሩን አለፍ አለና ወደኔ ቤት በኩል በቀጭኑ መፍሰስ ጀመረ።

«ድረስ!» አለኝ።

ሁለት ሽማግሌዎች በዝናብ ውስጥ አፈር ስንደፋ፣ ድንጋይ ስናንከባልል፣ አንዱ የደፋውን ሌላው ሲረግጠው ቆየን። እኔ በዚህ በኩል እላለሁ፣ እሱ በዚያ በኩል ይላል። በየትኛችን በኩል እንደሆነ እንጃ፣ ውሃው ተመለሰ። ታጥፎ በሣሩ ወሰን ወረደ፣ ድንጋዩ ላይ ሲደርስ ተበተነ። የጤፍ ማሳውን አልነካውም። ወደ ጓሮዬ ሄጄ ሳይ ከአፋፉ ትንሽ ተቆርሷል፤ ገደሉ ውስጥ የሚወርደው ግን የዚያው የጓሮው ውሃ ብቻ ነው።

ባለቤቴ ልብሷን ደርባ ከኋላዬ መጥታ ነበር። ቆማ አየች፣ አየች፣ ከዚያ ስልክ ደወለች።

«ልጄ፣ ዘንድሮ አንመጣም» አለችው። የሚላትን ሰማችና «ለከርሞማ ማን ያውቃል! አንተ ታውቃለህ?» ብላ ዘጋችበት።

ክረምቱ ሲወጣ ልጃችን መጣ። ቦዩን ከላይ እስከ ታች ሄደበት፣ ሣሩን በጫማው ነካ ነካ አደረገው፣ መታጠፊያው ላይ ብዙ ቆመ።

«አባዬ፣ ኤክስካቫተር ቢሆን ኖሮ እዚህ ጋ ሰፋ ይል ነበር።»

«ይሆናል» አልሁት።

«ሎደርም ቢሆን አፋፉን ያስተኛው ነበር።»

«እሱም ይሆናል።»

ልክ ይሁን አይሁን ዛሬም አላውቅም። ትልቁ መኪና ያን ቀን እጁን አውርዶ ቢሆን ቤቱ ይበልጥ ይጸና ይሆናል፤ ወይም ባለሙያዋ እንዳለችው ልቁ አፈር ይዞን ይወርድ ይሆናል። እናቱ ከጓዳ «ምሳ ቀርቧል፤ ግቡ!» ብላ ተጣራች። ልጄ ጫማውን ከደጃችን ድንጋይ ላይ እየጠረገ «እማዬ፣ ጭቃ አስገባሁብሽ» አላት። «አስገባው፣ ይጠረጋል» አለችውና ገባን።